የቮልስ ታናሽ ወንድም

ከቆረም ወደ ሰቆጣ፣ ከሰቆጣም ወደ ጋዝጊብላ በመኪና የተጓዘ ሰው ዳገት ለሞተር ምን ያህል ፈተና እንደሆነ ሳይነገረው ያውቀዋል። የጭነት መኪናው በከባድ ማርሽ እያጓራ ይወጣል፤ ከአፍንጫው ነጭ እንፋሎት መትነን ሲጀምር ሾፌሩ ዳር ይዞ ያቆማል፤ ረዳቱም ከጎማው ሥር ታኮ አኑሮ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ውሃ ፍለጋ ይሄዳል። ነገሩ በአካባቢው የተለመደ ስለሆነ የሚደነቅበት ሰው የለም። ምክንያቱ ግን ሊታወቅ የሚገባው ነው። አብዛኞቹ ሞተሮች የሚቀዘቅዙት በውስጣቸው በሚዘዋወር ውሃ ነው። በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ውሃ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በ93 ዲግሪ ግድም ስለሚፈላ፣ የራዲያተሩ ክዳን በሚገባ ያልገጠመ እንደሆነ፣ በደጋ ዳገት ላይ ፈጥኖ ይንተከተካል።

ሞተሩ ከነጭራሹ ውሃ የማያስፈልገው ቢሆንስ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሆነች አንዲት ትንሽ መኪና በአገራችን በሰፊው ትታወቃለች። እርሷም ቮልስዋገን፣ በተለምዶ አጠራር ቮልስ ናት። ጀርባዋ እንደ ጥንዚዛ የጎበጠ፣ ሞተሯ ከኋላ የተቀመጠ፣ ራዲያተር የሌላት፣ በማራገቢያ በሚገፋ አየር ብቻ የምትቀዘቅዝ መኪና ናት። ከግማሽ ምእተ ዓመት በፊት የተሠሩ ቮልሶች ዛሬም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ሲሽከረከሩ ይታያሉ። ይህችን የድኻ ወዳጅ የሆነች መኪና የነደፈው መሐንዲስ፣ በዓለም ላይ እጅግ ከሚፈለጉት የስፖርት መኪኖች አንዱ በስሙ የሚጠራለት ፈርዲናንድ ፖርሽ መሆኑን የሚያውቁ ግን ብዙ አይደሉም። ስለዚህ የፖርሽን ታሪክ ለመረዳት መነሻው ቮልስ ናት። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፈርዲናንድ ፖርሽ በ1875 ዛሬ የቼክ ሪፐብሊክ ግዛት በሆነች፣ ያን ጊዜ ግን በኦስትሪያና ሀንጋሪ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ሥር በነበረች አነስተኛ ቀበሌ ተወለደ። አባቱ ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ ልዩ ልዩ ዕቃ የሚሠራ ባለሙያ ነበር። ልጁም የአባቱን ሙያ እንዲወርስ ቢፈለግም ልቡ ያደላው ያን ጊዜ ገና እንደ ተአምር ይታይ ወደነበረው ወደ ኤሌክትሪክ ነበር። በ1900 በፓሪስ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ፣ ሎነር ከሚባል የቪየና ሠረገላ ፋብሪካ ጋር በመተባበር የሠራት መኪና ቀረበች። የዚህች መኪና የፊት ጎማዎች የሚዞሩት በውስጣቸው በተገጠሙ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ነበር። ይህ የሆነው ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዪቱን አውቶሞቢል አዲስ አበባ ላይ ከመረከባቸው ከስምንት ዓመት ገደማ በፊት መሆኑን ልብ ይሏል።

ፖርሽ በልዩ ልዩ ፋብሪካዎች ከሠራ በኋላ በ1931 በሽቱትጋርት ከተማ የራሱን የንድፍ ቢሮ አቋቋመ። ቢሮው ገና ፋብሪካ አልነበረውም፤ ሥራው ለሌሎች መኪና መንደፍ ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱ አዶልፍ ሮዘንበርገር ይባላል። እርሱም የታወቀ የመኪና ተወዳዳሪ ሲሆን ለድርጅቱ መቋቋም ገንዘብም ልፋትም አውጥቷል። ይሁን እንጂ ሮዘንበርገር አይሁዳዊ ነበር። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ በ1935 ከድርጅቱ እንዲወጣ ተደረገ፤ በዚያው ዓመት ታስሮ ማጎሪያ ካምፕ ገባ፤ ከተፈታም በኋላ ተሰድዶ በመጨረሻ አሜሪካ ገባ። በዚያም ስሙን ለውጦ ኖሮ በ1967 ሞተ። ስለ ፖርሽ በሚጻፉ ብዙ ጽሑፎች ውስጥ ይህ ሰው ሲታለፍ ይታያል፤ መታለፍ ግን አልነበረበትም።

የቮልስ ታሪክም ከዚሁ ዘመን ጥላ የራቀ አይደለም። በ1934 የሂትለር መንግሥት ማንኛውም ጀርመናዊ ቤተሰብ ሊገዛው የሚችል መኪና እንዲነድፍ ለፖርሽ ቢሮ ሥራ ሰጠ። «ቮልስዋገን» የሚለውም ቃል በጀርመንኛ «የሕዝብ መኪና» ማለት ነው። ዋጋው 990 ማርክ እንዲሆን ተወሰነ፤ ሠራተኛው በየሳምንቱ የ5 ማርክ ቴምብር እየገዛ በደብተር ላይ እየለጠፈ እንዲቆጥብ ተነገረው። 336,000 ያህል ሰዎች ቆጠቡ። የፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ በ1938 ተጣለ። በዚያው ዓመት በአገራችን አርበኞች የሂትለር ወዳጅ የሆነውን የሙሶሊኒን ጦር በየጫካውና በየገደሉ ይዋጉ ነበር። ወዲያው ጦርነቱ አውሮፓንም አዳረሰ፤ ፋብሪካው የጦር ተሽከርካሪና መሣሪያ ማምረቻ ሆነ፤ በውስጡም ከተወረሩት አገሮች በግድ የተጋዙ ሰዎች፣ የጦር ምርኮኞችና የማጎሪያ ካምፕ እስረኞች በሺዎች እየተቆጠሩ ሠሩ። ቴምብር ከለጠፉት ቆጣቢዎች መካከል ግን በዚያ ዘዴ መኪና ያገኘ አንድም ሰው አልነበረም። ሕዝቡ ቮልስን በእርግጥ ያገኘው ከጦርነቱ በኋላ፣ ፋብሪካው በእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ሥር እንደገና ሥራ ከጀመረ ወዲህ ነው። ከዚያ በኋላማ የሚያቆማት አልተገኘም፤ በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዪቱ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልሶች ተሠርተዋል።

ፈርዲናንድ ፖርሽ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በፈረንሳዮች ተይዞ እስከ 1947 ድረስ ታሰረ። የቤተሰቡን ሥራ የተረከበው ልጁ ፌሪ ነበር። በጦርነቱ ምክንያት ቢሮው ከሽቱትጋርት ወጥቶ ግሙንድ ወደምትባል የኦስትሪያ መንደር ተዛውሮ፣ የእንጨት መሰንጠቂያ በነበረ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። ፌሪና ጓደኞቹ በ1948 ፖርሽ የሚለውን ስም የተሸከመችውን የመጀመሪያዪቱን የስፖርት መኪና ያወጡት ከዚያ ቤት ነው። የቢሮው 356ኛ ንድፍ ስለነበረች «356» ተባለች። አካሏ በእንጨት ቅርጽ ላይ በመዶሻ የተቀጠቀጠ አሉሚኒየም ነበር፤ ሞተሯና ብዙዎቹ ዕቃዎቿ ከቮልስ የተወሰዱ ነበሩ። በግሙንድ የተሠሩት ሃምሳ ያህል ብቻ ሲሆኑ በ1950 ሥራው ወደ ሽቱትጋርት ተመለሰ።

እዚህ ላይ ሁለቱን መኪኖች የሚያስተሳስር አንድ የገንዘብ ነገር አለ። በ1948 የቮልስዋገን ፋብሪካ ከፖርሽ ቢሮ ጋር ውል ተዋውሎ፣ ለምትሠራው ለእያንዳንዷ ቮልስ ጥቂት ገንዘብ ለነዳፊው ለመክፈል ተስማማ። ስለዚህ ውሉ በጸናበት ዘመን በርካሽ ዋጋ የተሸጠች ቮልስ ሁሉ፣ ወዲህ ማዶ ለሀብታሞች የሚሠራውን የስፖርት መኪና ስትረዳ ነበር ማለት ነው። ታላቅ ወንድም ሠርቶ ታናሹን አስተማረ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1963 በፍራንክፈርት የመኪና ትርዒት ላይ የ356 ወራሽ ቀረበ። በመጀመሪያ «901» ተብሎ ነበር፤ ነገር ግን ፔጆ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ መካከላቸው ላይ ዜሮ ያለባቸው ባለ ሦስት አኃዝ ስሞች የእኔ ናቸው ብሎ ስለተከራከረ «911» ተባለ። ስድስት ሲሊንደሮች ያሉት ሞተሩ እንደ ቮልስ ከኋላ ተቀመጠ፤ እንደ ቮልስም ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ ተጋድመው በአየር ይቀዘቅዙ ነበር።

ሞተርን ከኋላ ማስቀመጥ ጥቅምም ጉዳትም አለው። ጥቅሙ ክብደቱ በሚነዱት ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ ጎማዎቹ መሬቱን ይቆነጥጣሉ፤ ይህም ለዳገትና ለፈጣን አነሣሥ ይረዳል። ጉዳቱን ለመረዳት ወንጭፍ የሚያዞር እረኛ ማስታወስ ይበቃል። ድንጋዩ ከወንጭፉ ጫፍ ላይ ሆኖ ሲዞር ወደ ውጭ ይጎትታል፤ እንዲሁ ሁሉ ከመኪናው ጭራ ላይ ያለው ከባድ ሞተር በጥምዝ መንገድ ላይ ጀርባውን ወደ ውጭ ይወስደዋል። በጥምዙ መካከል ደንግጦ ነዳጁን ድንገት የለቀቀ ሾፌር የቀደሙትን 911ዎች ይዞ ዞሮ ይቀር ነበር። ሌሎች ኩባንያዎች ይህን ችግር የፈቱት ሞተሩን ከዚያ ቦታ በማንሣት ነው። የፖርሽ መሐንዲሶች ግን ሞተሩን ሳያነሡ ጎማውን እያሰፉ፣ ሞላውን እያስተካከሉ፣ የጎማዎቹን ርቀት እየለወጡ ለስድሳ ዓመታት ታገሉት። በእኔ አስተያየት የዚህ መኪና ማራኪነት ምንጭ ከፍጥነቱ ይልቅ ይህ እልህ ነው፤ ከእርሱ የሚፈጥኑ መኪኖች ሞልተዋልና።

ይህ እልህ አንድ ጊዜ ሊቋረጥ ተቃርቦ ነበር። የኩባንያው መሪዎች በ1970ዎቹ ውስጥ 911 አርጅቷል ብለው፣ ሞተሩ ከፊት የሆነና በውሃ የሚቀዘቅዝ 928 የተባለ መኪና በ1977 አወጡ። በ1981 ፒተር ሹትዝ የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ሲመጣ፣ በአንድ ቢሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የዕቅድ ሰንጠረዥ የ911ን መስመር በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ቆርጦት አየ። ሹትዝም ብዕር አንሥቶ መስመሩን ከሰንጠረዡ አሳልፎ በግድግዳው ላይ እንደ ቀጠለው ይተረካል። ሹትዝ በርሊን የተወለደ ሲሆን በናዚ ዘመን ቤተሰቡ በአይሁዳዊነት ምክንያት ተሰድዶ አሜሪካ ያደገ ሰው ነበር። ሮዘንበርገርን ያስወጣው ድርጅት ሌላው ስደተኛ ባይደርስለት ኖሮ ዋነኛ መኪናውን ያጣ ነበር። በ2017 አንድ ሚሊዮነኛው 911 ከፋብሪካው ወጣ።

ከፍታን በተመለከተ ግን አየር ማቀዝቀዣ ብቻውን ሁሉን አይፈታም። ቤንዚን ለመንደድ አየር ይሻል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ደግሞ አየሩ ስስ ነው። በዚህ ምክንያት ተራ ሞተር በእኛ ደጋ ላይ ከኃይሉ አምስተኛውን ያህል ያጣል። ፖርሽ በ1974 በፓሪስ ያቀረበው 911 ቱርቦ ለዚህ የሚሆን መላ ይዞ ነበር፤ ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ አንዲት ትንሽ መዘውር ያዞራል፣ መዘውሯም አየሩን አምቃ ወደ ሲሊንደሮቹ ትገፋለች። ዛሬ በዋግ ኽምራ ዳገት ላይ የምናያቸው ብዙ የናፍጣ መኪኖች የሚጠቀሙት በዚሁ ዓይነት መሣሪያ ነው፤ መሣሪያውን ግን ፖርሽ አልፈጠረውም፤ ለመንገድ መኪና ከተጠቀሙበት ቀደምት ኩባንያዎች አንዱ ሆነ እንጂ። የአየር ማቀዝቀዣውም ቢሆን ስለ ጭስና ስለ ድምፅ በወጡ ሕጎች ምክንያት በ1998 ቀርቶ 911ም በመጨረሻ ውሃ ጠጪ ሆኗል።

በውድድር ሜዳ የፖርሽ ስም ከፍ ያለ ነው። ለ24 ሰዓት ያለ ዕረፍት በሚካሄደው በፈረንሳዩ የለ ማን ውድድር ከ1970 እስከ 2017 ድረስ 19 ጊዜ አንደኛ ወጥቷል፤ በ1984ም የፓሪስ ዳካርን የበረሃ ውድድር አሸንፏል። በጎረቤታችን በምሥራቅ አፍሪካ የሳፋሪ ውድድር ላይ ግን ዕድል ፊቷን አዞረችበት። በ1972፣ በ1974ና በ1978 ሁለተኛ ወጣ፤ አንደኛ ግን ሆኖ አያውቅም። ትሑቷ ቮልስ በዚያው ውድድር በ1954፣ በ1957ና በ1962 አንደኛ ወጥታለች። ይልቁንም የሚያስደንቀው በ1954 በቮልስ ያሸነፈው ቪክ ፕሬስተን ሲሆን፣ በ1978 በፖርሽ ሁለተኛ የወጣው ደግሞ ስሙን የወረሰ ልጁ መሆኑ ነው። በጭቃውና በኮረኮንቹ ላይ ታላቅ ወንድም ታናሹን በለጠ።

ፖርሽ እንደ ቮልስ ለብዙኃኑ የተሠራ መኪና አይደለም፤ ዋጋው ከሕዝቡ አቅም እጅግ የራቀ ነው፤ ዝቅ ያለ ሆዱም ለኮረኮንች አይመችም። ከ2012 ጀምሮ ኩባንያው ራሱ በቮልስዋገን ቡድን ውስጥ ተጠቃሎ ይገኛል። በ2019 ታይካን የተባለ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና አውጥቷል። የኢትዮጵያ መንግሥት በበኩሉ በ2024፣ ማለት በ2016 ዓ.ም.፣ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ ሞተር የሚያነድደው ነዳጅ ስለሌለው ለኃይሉ አየር አይስብም፤ ስለዚህ ኃይሉ በባሕር ዳርቻም በጋዝጊብላ ጋራ ላይም አንድ ነው፤ በ1900 በፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ የቆመችው የወጣቱ ፖርሽ መኪና የነበራትም እንዲሁ ያለ ሞተር ነበር።