ጅንባርን የሚሻገር መንገደኛ ሊያውቀው የሚገባ

ከደባርቅ ተነሥቶ የስሜን ተራሮችን በእግር የሚጎበኝ መንገደኛ፣ 3 ሺህ 250 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ሳንቃ በር ወደ 3 ሺህ 600 ሜትሩ ግጭ ሲያቀና ቁልቁል ወርዶ አንድ ጅረት ይሻገራል። ጅንባር ይባላል። ይህ ዘጋቢ ጫማውን አውልቆ ሲገባበት እግሩ ወዲያው ደነዘዘ። ውሃው ከሥሩ ያለው ጠጠር እስኪቆጠር ድረስ የጠራ ነበርና በእፍኙ ጨልፎ ሊጠጣ ጎንበስ አለ። አብሮት ይጓዝ የነበረው በቅሎ ነጂ ግን ከለከለው፤ ከበላይ በኩል በቅሎዎች የሚሻገሩበት መልካ መኖሩንም አመለከተው።

ቅዝቃዜው ከየት መጣ? ከፍታ በ1 ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። በግጭ ሜዳ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ከዚህ ምድር የሚመነጨው ውሃም የመሬቱን ቅዝቃዜ ይዞ ይወጣል።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ጅረቱን የሚመግበው መሬቱ ያቆረው ውሃ ነው። ጓሳውና አስታው የዝናቡን ጉልበት ይሰብራሉ፤ ሥራቸው አፈሩን ይይዛል፤ ውሃውም ወደ ውስጥ ሰርጎ በምንጭ በኩል ቀስ እያለ ይወጣል። ሣሩ ተግጦ መሬቱ በኮቴ ሲጠቀጠቅ ግን ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ በጎርፍ ያልፋል፤ በበጋም ምንጩ ይመነምናል።

በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመውና በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከ1989 እስከ 2009 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ የቆየው፣ ከሌሎች ምክንያቶች ጋር በልቅ ግጦሽና በእርሻ መስፋፋት ነበር። ለፓርኩ ደኅንነት ሲባልም የግጭ ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ቀያቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ወርደዋል። እንግዲህ ገበሬ ቀዬውን የለቀቀለትን ምንጭ መንገደኛ ሊያቆሽሸው አይገባም።

ስለሆነም የሚከተሉትን መፈጸም ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ቅዝቃዜ የበሽታ ተሕዋስያንን አይገድልም። እንደ ጃርዲያ ያሉት እንዲያውም በቀዝቃዛ ውሃ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ። ስለዚህ የሚጠጣውን ውሃ ማፍላት ነው። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ88 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ፣ ከተንፈቀፈቀ በኋላ ለ3 ደቂቃ እሳት ላይ ይቆይ።

ሁለተኛ፣ ለመጸዳዳት ከጅረቱ ቢያንስ 60 ሜትር መራቅ።

ሦስተኛ፣ ሳሙና ይዞ ጅረቱ ውስጥ አለመግባት፤ ውሃውን ቀድቶ ራቅ ብሎ መታጠብ።

አራተኛ፣ በቅሎዎችን ከመቅጃው በታች ማጠጣት።

ጅንባር ከመሻገሪያው ብዙም ሳይርቅ 500 ሜትር ገደማ በሚደርስ ገደል ቁልቁል ይወረወራል። የስሜን ውሃዎች መውረጃቸው ወደ ተከዜ ነው። በታች ያለው የቆላ ገበሬና ከብቱ የሚጠጡት ከላይ ያለነው ያተረፍንላቸውን ነው። «ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» ይባላልና ጥሩን መጠበቅ ከላይ ይጀመር።