የሊቃውንት ደጅ ጥናት

ልጁ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የዶክተርነትን ማዕርግ የተቀበለለት ወላጅ ደስታው ብዙ ነው። ዘመድ ወዳጅ ተጠርቶ ግብዣ ይደረጋል፤ ልጁም በማግሥቱ ታላቅ ሹመት የሚቀበል ይመስላል። ነገር ግን ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ፥ ልጁ ገና በሌላ ሊቅ እጅ ሥር እንደሚሠራ፥ ደመወዙም መጠነኛ እንደ ሆነ ሲሰማ፥ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ያዝናል። በምናውቀው በአንድ ቤት እናቲቱ፥ ልጅዋ ዶክተር ከሆነች አራት ዓመት አልፎ ስለ ምን እስከ ዛሬ ወንበር እንዳላገኘች የሚያስረዳት አጥታ፥ ምናልባት አንዳች ጥፋት አጥፍታ ይሆናል እያለች ስትጨነቅ አይተናል። ስለዚህ ነገሩን ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን።

ይህ የሥራ ዘመን በውጭ አገር ፖስትዶክ ይባላል። የአገራችን ሰው ነገሩን በቅኔ ቤት ሥርዓት ቢመስለው አይሳሳትም። በዋሸራ ቅኔ የተማረ ሰው ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ ተሻግሮ የሌላውን መምህር መንገድ ይጨምራል፤ ይህንም የሚያደርገው ስላላወቀ ሳይሆን ዕውቀቱን ሊያሰፋ ነው። ፖስትዶክም እንደዚሁ ከደቀ መዝሙርነት ወጥቶ ወደ መምህርነት ገና ያልደረሰ ሊቅ ነው።

ሥራው ምን እንደሚመስል ለማሳየት፥ ሰውነት በሽታን የሚከላከልበትን ኃይል ከሚመረምረው ከኢሚዩኖሎጂ አንድ ምሳሌ እናምጣ። በቫይረስ የታመመች አይጥ ጣፊያዋ ይወጣል፤ ከጣፊያውም ነጭ የደም ሕዋሳት ተለይተው ይታጠባሉ፥ በማይክሮስኮፕም ይቈጠራሉ። በሌላ ወገን በዚያው ቫይረስ የተያዙ ሕዋሳት ጨረር ያለውን ክሮሚየም እንዲይዙ ይደረጋል። ከዚህ በኋላ ሁለቱ ባንድነት በ37 ዲግሪ ሙቀት ይቀመጣሉ። ነጩ ሕዋስ የታመመውን የገደለው እንደ ሆነ ክሮሚየሙ ወደ ፈሳሹ ይወጣል፤ መጠኑም በመሣሪያ ይለካል። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ዕቃ ቢያድፍ ወይም አንድ ቍጥር ቢሳሳት የሳምንቱ ድካም ከንቱ ይሆናል።

እንዲህ ያለው ሥራ ምን ፍሬ እንዳፈራ በአውስትራልያ የሆነው ይመሰክራል። (ዓመታቱን የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።) በ1973 ሮልፍ ዚንከርናገል የሚባል ወጣት የስዊስ ሐኪም ቤተሰቡን ይዞ ወደ ካንቤራ ሄደና በጆን ከርቲን የሕክምና ምርምር ትምህርት ቤት ለተወሰነ ጊዜ ገባ። ስፍራ ስለ ጠበበም ከፒተር ዶኸርቲ ጋራ ባንድ ላቦራቶሪ እንዲሠራ ሆነ። ዶኸርቲ በትምህርቱ የእንስሳት ሐኪም ሲሆን የእርሱም ቅጥር በዘመን የተወሰነ ነበረ። ሁለቱ ከላይ የጻፍነውን ፈተና በልዩ ልዩ ዘር አይጦች ላይ ሲያደርጉ ያልጠበቁትን ነገር አገኙ። ነጩ ሕዋስ የታመመውን የሚገድለው ቫይረሱን ስላገኘ ብቻ አልነበረም፤ ሕዋሱ የገዛ ወገኑ መሆኑን የሚያስታውቀው ምልክት አብሮ መገኘት ነበረበት። ቫይረሱ አንድ ሆኖ ሳለ ምልክቱ የሌላ ዘር ከሆነ ሳይነካው ያልፋል። ይህ ምልክት አስቀድሞ የሚታወቀው ከሌላ ሰውነት የተወሰደ አካል ሲተከል እንዳይስማማ በማድረጉ ነበር፤ ዋና ሥራው ግን ያን ጊዜ ተገለጠ።

ግኝታቸውን በ1974 ኔቸር በሚባለው መጽሔት አሳተሙ። ነገር ግን ቤታቸው ወዲያው አልረጋም። በ1975 ዶኸርቲ ወደ ፊላደልፊያ፥ ዚንከርናገልም ወደ ካሊፎርኒያ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። የኖቤልን ሽልማት ባንድነት የተቀበሉት በ1996 ነው፤ ከጽሑፋቸው እስከ ሽልማታቸው 22 ዓመት መሆኑ ነው።

ይህን ስንጽፍ የደከመ ሁሉ ይሸለማል ማለታችን አይደለም። የፖስትዶክ ደመወዝ ብዙ ጊዜ የላቦራቶሪው አለቃ ለምርምር ከሚያገኘው ገንዘብ የሚከፈል ነውና፥ ገንዘቡ ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል። በባዕድ አገር ላለ ሰው ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዱ ብዙ ጊዜ ከሥራው ጋራ የታሰረ ነው። የመምህርነት ወንበር የሚያገኙትም ጥቂቶች ናቸው፤ የቀሩት ወደ መድኃኒት ፋብሪካ፥ ወደ ሆስፒታል ወይም ወደ መንግሥት ሥራ ይገባሉ። ይህም ውርደት አይደለም።

እንግዲህ ወላጆች፥ ልጃችሁ በስልክ ሲያነጋግራችሁ መቼ ትሾማለህ ከማለት በዚህ ሳምንት ምን ሞከርህ ብላችሁ ብትጠይቁት ልቡ ይበረታል። እናንተም ልጆች፥ ውላችሁ የሚያልቅበትን ወርና ደመወዛችሁን ለቤታችሁ ሳትደብቁ ንገሩ፤ ይልቁንም አብሯችሁ ለተሰደደው ባል ወይም ሚስት የገዛ ሥራውንና ትምህርቱን አስቡለት። እናቲቱን ያስጨነቃት የልጅዋ ድካም አልነበረም፤ ነገሩን አለማወቅዋ ነው እንጂ። በኋላ ልጅዋ የምትሠራውን በዝርዝር ብታስረዳት፥ ለጎረቤቶችዋ ሁሉ ልጄ በሽታ እንዴት እንደሚሸነፍ ትመረምራለች እያለች መናገር ጀምራለች።