ሐሙስ ከሰዓት የተገኘች ስህተት

በጅቡቲ ከተማ የመንግሥት ቢሮዎች የሥራ ሳምንት ሐሙስ ያበቃል። ዓርብና ቅዳሜ ዝግ ናቸው። እሑድ ሲከፈቱ ደግሞ፣ የኢትዮጵያ አስመጪ ሰነዱን የሚያስጨርስበት አዲስ አበባ በተራው ያርፋል። ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት የተገኘች የሰነድ ስህተት፣ ለምሳሌ በባንኩ የክፍያ ዋስትና (ኤልሲ) እና በመርከቡ የጭነት ሰነድ (ቢል ኦፍ ሌዲንግ) ላይ በተለያየ ፊደል የተጻፈ የአስመጪ ስም፣ ሰኞ ሳይደርስ ላትታረም ትችላለች።

ዕቃው ያለበት ኮንቴይነር ግን ጅቡቲ ውስጥ ዶራሌ ወደብ ተቀምጦ ቀን ይቆጠርበታል። ኪራይ የማይከፈልባቸው ነፃ ቀናት ሲያልፉ ወደቡ የማከማቻ ኪራይ፣ የመርከብ ድርጅቱ ደግሞ የኮንቴይነር መዘግያ ክፍያ (ዴመሬጅ) ይጠይቃሉ። ቆይታው በረዘመ ቁጥር የቀኑ ታሪፍ ራሱ ከፍ ይላል፤ ሒሳቡም የሚጠየቀው በውጭ ምንዛሪ ነው። ተበድሮ ላስመጣ ነጋዴ ወለዱ ይጨመርበታል፣ ለበዓል ገበያ የታሰበው ዕቃ በዓሉ ካለፈ በኋላ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይገባል፣ የቤት ኪራዩና የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያም ይጓተታል። ያ ሁሉ ጣጣ የተነሣው ከአንዲት ፊደል ነው።

አንዱ መዘግየት ሌላውን ሲያስከትል በአገር ደረጃም ታይቷል።

በ2007 ዓ.ም. በኤልኒኞ ምክንያት ዝናቡ ሲከዳ፣ በቀጣዩ ዓመት አስቸኳይ የምግብ ርዳታ የሚያስፈልጋቸው ኢትዮጵያውያን ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆኑ። መንግሥት ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ስንዴ ገዛ። የርዳታ ድርጅቶችም ጨመሩበት። ስንዴው በብዛት መድረስ የጀመረው ግን ለክረምት እርሻ የሚሆነው ማዳበሪያ በሚገባባቸው ወራት ነበር። ሁለቱም ተዝቆ፣ በጆንያ ተሞልቶ፣ በከባድ መኪና የሚጫን ጭነት ነው፤ መኪናውም አልበቃ አለ። መርከቦች ከጅቡቲ ፊት ለፊት ባሕር ላይ ለሳምንታት ወረፋ ጠበቁ። የተራበ ሰው አይጠብቅም፤ የዘር ወቅትም እንዲሁ።

ከዚያ ወዲህ የዶራሌ ሁለገብ ወደብ በግንቦት 2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመርም በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀምሯል። ወደቡ ቢሰፋም ዕቃው በአንድ ጊዜ ተግተልትሎ ከመጣ መጨናነቁ አይቀርም። በቅርብ ዓመታት የማዳበሪያ ግዢ ቀደም ብሎ እንዲጀመር መደረጉ ለዚህ ይረዳል፤ ጭነቱ በብዙ ወራት ተከፋፍሎ ሲገባ ወደቡም መኪናውም ይችለዋል።

ልምድ ያላቸው አስመጪዎችም በየሥራቸው እንዲሁ ቀድመው ይጀምራሉ። ዕቃው ገና ቻይና ወይም ዱባይ ላይ ሳይጫን የቢል ኦፍ ሌዲንጉን ረቂቅ ያስልካሉ፤ ስሙን፣ ክብደቱንና የጥቅሉን ብዛት ከኤልሲው ጋር አንድ በአንድ ያመሳክራሉ። ረቂቅ ላይ የተገኘ ስህተት በአንድ መልእክት ይታረማል። ዋናው ሰነድ ከወጣ በኋላ ግን ማስተካከያው ክፍያም ቀናትም ይጠይቃል። ሥራው የተደራረበበት ሰው ደግሞ በመጀመሪያ ቁጭ ብሎ ነፃ ቀኑ ሊያልቅ የተቃረበው ኮንቴይነር የትኛው እንደሆነ ይለያል፤ የዕለቱን ጉልበትና ገንዘብ ለእሱ ያውላል፤ ለቀሩትም ተራ ያወጣል።