መድኃኒትና ማወራረጃው

ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ወደ ዩኒቨርሲቲ የምንመጣ ተማሪዎች ከስንቃችን ጋር አንዲት ትንሽ ቋጠሮ አትለየንም። ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ጦስኝና ጥቁር አዝሙድ ይገኙባታል። እናቶቻችን ቋጠሮዋን ሲሰጡን «ይህን በማር፣ ይህን በቡና፣ ያንን በባዶ ሆድ» ብለው ያዝዙናል። እኛ ግን የመድኃኒቱን ስም እንይዝና ትእዛዙን እንረሳዋለን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ማወራረጃው ጥቂት ለመግለጽ እንወዳለን።

መድኃኒትን በምን እንደሚወስዱ መምረጥ የእኛ ልማድ ብቻ አይደለም። አዩርቬዳ የተባለው የሕንዶች ጥንታዊ ሕክምና ማወራረጃውን «አኑፓና» ብሎ ይጠራዋል፤ ሙቅ ውሃ፣ ወተት፣ ማርና የተነጠረ ቅቤ እንደ በሽታው ዓይነት ይታዘዙበታል። በእኛም ዘንድ ምች የመታው ሰው የዳማ ከሴ ጭማቂ በቡና ይጠጣል፤ ሳል የያዘው ነጭ ሽንኩርት በማር ይበላል፤ መተሬም ከኑግ ጋር ተወቅጦ በባዶ ሆድ ይወሰዳል።

ለመሆኑ ማወራረጃ ሥራው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ምሬትን ይሸፍናል። ሁለተኛ፣ መድኃኒቱን ያሟሟል። ሦስተኛ፣ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባውን መጠን ያበዛል ወይም ያሳንሳል። ብርቱ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ ሦስተኛው ነው።

ኮሶን እንመልከት። እንደ ጉና ባለው ደጋ የሚበቅለው የዚህ ዛፍ አበባ ተወቅጦ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ኮሶ የሚፈለገው አንጀት ውስጥ ትሉን እንዲገድል እንጂ ወደ ደም እንዲገባ አይደለም። ትሉን የሚገድለው ንጥረ ነገር በውሃ እምብዛም አይሟሟም፤ በአልኮል ግን ይሟሟል። በአውሮፓም ለዚሁ ትል ይሰጥ የነበረ፣ ከኮሶ ጋር የሚቀራረብ መርዝ ያለበት አንድ ተክል ነበር፤ ሐኪሞች እርሱን ከጉሎ ዘይት ጋር መስጠት የከለከሉት ዘይቱ መርዙን ወደ ደም ስለሚያሳልፈው ነው። እንግዲህ ኮሶን በቅቤ ማለስለስ ወይም በአረቄ ማወራረድ አይገባም። ኮሶ ከመጠን ሲያልፍ ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል፤ ለነፍሰ ጡርም ፈጽሞ አይሰጥም። ዛሬ ለኮሶ ትል ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ የተባሉ የተመጠኑ ክኒኖች ስላሉ ወደ ጤና ጣቢያ መሄዱ ይበልጣል።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነው ኮአርተም ነው። ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ወርዶ ወባ የያዘው ወንድማችን ይህን ክኒን ይታዘዝለታል። የወባው ተባይ በደም ውስጥ ስላለ መድኃኒቱም ወደ ደም መግባት አለበት፤ ከሁለቱ ንጥረ ነገሮቹ አንዱ ሉሜፋንትሪን ደግሞ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በባዶ ሆድ ከሚወሰደው እስከ 16 እጥፍ ወደ ደም ይገባል። በጾም ወራት ወተቱ ቢቀር በኑግ ዘይት የተሠራ ወጥ አለ።

ወተት ግን ሁሉን አይረዳም። አንድ ጓደኛችን ለተስፎ በሽታ የታዘዘለትን ሲፕሮፍሎክሳሲን «ጉልበት ይሰጠኛል» እያለ በወተት ይውጠው ነበር። ትኩሳቱ አልለቅ ብሎት ፈተናው አለፈው። በወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም ይህንኑ መድኃኒት፣ ቴትራሳይክሊንንም፣ ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል። ደም ላነሳት እህታችን የሚሰጠው የብረት ክኒንም በቡና ወይም በሻይ ሲወሰድ ኃይሉ ይቀንሳል። ማርም ቢሆን አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም።

ስለዚህ ማናቸውንም መድኃኒት ወደ አፋችን ከማቅረባችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ መድኃኒቱ የሚሠራው በአንጀት ነው ወይስ በደም? ማወራረጃውስ ወደዚያ ያደርሰዋል ወይስ ያግደዋል? መልሱን ካላወቅን ንጹሕ ውሃ ብዙ ጊዜ አያሳስትም። ለክረምት ዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባም ይህንኑ ለወላጆቻችን እንንገር፤ እነርሱም የሚያውቁትን ይነግሩናል። ወደ ሐኪም ስንሄድም የክኒኑን ስም ብቻ ሳይሆን በቤታችን የምንጠጣውን ሁሉ ሳናፍር እንንገረው።