ጉልበት ውስጥ ሲደማ

ኳስ ሜዳ ላይ አንድ ተጫዋች ሮጦ ድንገት ይዞራል። ማንም አልነካውም፤ ጉልበቱ ግን «ጧ» ይልና ይወድቃል። ቆዳው አልተላጠም፣ የደም ጠብታ የለም። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጉልበቱ አብጦ ይወጠራል፤ ማጠፍም መዘርጋትም ያቅተዋል። ደሙ የፈሰሰው ወደ ውስጥ ነው።

ጉልበት የጭን አጥንት ከቅልጥም አጥንት ጋር የሚገናኝበት፣ ከፊት ሎሚው የሚከልለው መገጣጠሚያ ነው። ሁለቱ ረጃጅም አጥንቶች እንደ ዳሌ መገጣጠሚያ አንዱ በሌላው ውስጥ ስላልገቡ፣ ከቦታቸው እንዳይንሸራተቱ የሚይዟቸው በዋናነት አራት ጅማቶች ናቸው። ሁለቱ ከጎንና ከጎን ይቆማሉ፤ ሁለቱ መሀል ላይ ተመሳቅለው ያልፋሉ። በአጥንቶቹ መካከል ደግሞ ሜኒስከስ የሚባሉ ሁለት ልም አጥንቶች ክብደቱን ይቀበላሉ። ጤነኛ ጉልበትን የሚያረጥበው ፈሳሽ ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ ነው።

ደሙ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ነው። ጅማቱን የሸፈነው ስስ ሽፋን በደም ሥሮች የተሞላ በመሆኑ፣ ሲበጠስ እነሱም አብረው ይበጠሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካዊው ሐኪም ፍራንክ ኖይስና ባልደረቦቹ ከጉዳት በኋላ ደም የቋጠሩ 85 ጉልበቶችን ውስጣቸውን በአርትሮስኮፕ (ወደ መገጣጠሚያ በሚገባ ቀጭን መመልከቻ) ሲመለከቱ፣ 72 በመቶው ላይ ይህ ጅማት በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ተበጥሶ አገኙት። የሎሚው ከቦታው መውለቅና የአጥንት ስብራትም ያደማሉ። በመርፌ በተቀዳው ደም ላይ የቅባት ጠብታ ከተንሳፈፈ አጥንት መሰበሩን ያመለክታል፤ ቅባቱ የመቅኔ ነውና። ሄሞፊሊያ (ደም እንደሚገባ የማይረጋበት በሽታ) ያለበት ልጅ ደግሞ በትንሽ ግጭት፣ አንዳንዴም ያለ ግጭት ሊደማ ይችላል።

እብጠቱ የጀመረበት ሰዓት ራሱ መረጃ ነው። የሜኒስከስ ውስጠኛው ክፍል የደም ሥር ስለሌለው፣ እሱ ሲቀደድ ጉልበቱ ብዙውን ጊዜ የሚያብጠው ቀስ ብሎ፣ በማግስቱ ነው። በሰዓታት ውስጥ ያበጠ ጉልበት ግን ደም መያዙ ያስጠረጥራል።

አሳሳቹ ነገር ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። በሳምንታት ውስጥ እብጠቱ ይጎድላል፣ ሕመሙ ይቀላል፣ ሰውየው ዳነልኝ ብሎ ሜዳ ይመለሳል። የተበጠሰው መስቀለኛ ጅማት ግን በአብዛኛው በራሱ መልሶ አይጋጠምም። ዞር ባለ ቁጥር ጉልበቱ ይከዳዋል፤ በከዳው ቁጥር ደግሞ ሜኒስከሱና አጥንቶቹን የሸፈነው ልም አጥንት ይፈጫሉ። ብዙ ወጣት ጉልበቱን የሚያጣው በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን በዚህ ጊዜ ነው።

የማንችስተር ሲቲው እግር ኳስ ተጫዋች ሮድሪ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 22 ቀን 2024 ከአርሰናል ጋር ሲጫወት ቀኝ ጉልበቱ ላይ ይኸው ጅማት ተበጠሰ። በቀጣዩ ወር ፓሪስ ላይ የባሎን ዶር ሽልማትን የተቀበለው በክራንች ቆሞ ነው። ምርጥ ሕክምና ቢያገኝም ወደ ጨዋታ የተመለሰው ከስምንት ወር ገደማ በኋላ ነበር።

ተራ ራጅ ስብራትን እንጂ ጅማትን አያሳይም፤ ጅማቱን የሚያሳየው ኤም አር አይ ነው። መሣሪያው በሌለበትም ሐኪሙ ጉልበቱን በጥቂቱ አጥፎ ቅልጥሙን ወደ ፊት በመሳብ ጅማቱ መኖሩን በእጁ ይፈትሻል። ፈተናው ላክማን ይባላል፤ የተሰየመው በፊላደልፊያው ሐኪም በጆን ላክማን ነው። ጉልበቱ እጅግ ከተወጠረ ደሙ በንጹሕ መርፌ ይቀዳል። ይህ ሕመሙን ያስታግሳል፣ ጅማቱን ግን አይጠግንም።

በእኛ አገር መጀመሪያ የሚጠራው ብዙ ጊዜ ወጌሻ ነው። ትኩስ ደም የቋጠረን ጉልበት ማሸትና መሳብ ግን መድማቱን ያባብሳል፤ ስብራት ካለም ያናጋዋል። ጉልበቱ በሰዓታት ውስጥ ካበጠ፣ ተጎጂውን አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ወይም እግሩ ከቀዘቀዘና ከደነዘዘ ማሸቱን ትታችሁ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ አድርጋችሁ፣ እግሩን ከፍ አድርጋችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።