የአከርካሪ ስብራት ሕሙማን ከአጥንታቸው ባሻገር ለጭንቀታቸውም ሕክምና ያሻቸዋል

በአጥንት መሳሳት ምክንያት የሚደርስ የአከርካሪ ስብራት ከአካላዊ ሕመም በተጨማሪ የሚፈጥረው ጭንቀት የሕሙማንን ማገገም ሊያጓትት ይችላል።

የአጥንት መሳሳት የአጥንት ጥግግት ቀስ በቀስ እየቀነሰ አጥንት በቀላሉ ተሰባሪ የሚሆንበት የጤና ችግር ነው። በይበልጥ ተጋላጭ የሚሆኑት የወር አበባቸው የተቋረጠ ሴቶች፣ አረጋውያንና የስቴሮይድ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ሕሙማን ናቸው። አከርካሪያቸው ከባድ አደጋ ሳያጋጥማቸው፣ ዕቃ ለማንሳት ጎንበስ ሲሉ ወይም ሲያስሉ ጭምር ሊሰበር ይችላል። ጉዳቱ ተራ የወገብ ሕመም ተደርጎ ስለሚወሰድ ብዙዎች ሳይመረመሩ ይቀራሉ።

ሕመሙ በአብዛኛዎቹ ላይ ከ6 እስከ 12 ሳምንታት ባለው ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። ይሁንና ዳግም የመሰበርና የሰው እጅ ጠባቂ የመሆን ፍርሃት ከዚያም በኋላ ሊቀጥል ይችላል።

ስጋቱ መሠረተ ቢስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ የሆነ ጥናት የአከርካሪ ስብራት ከደረሰባቸው፣ የወር አበባቸው ከተቋረጠ ሴቶች መካከል ከ5ቱ 1ዷ ገደማ በቀጣዩ አንድ ዓመት ውስጥ ሌላ ስብራት እንደሚያጋጥማት አመልክቷል። ሆኖም ሕሙማን በፍርሃት ከአልጋ ሳይነሱ ሲቆዩ ጡንቻቸው ይዝላል፣ ሚዛን የመጠበቅ አቅማቸው ይዳከማል፣ አጥንታቸውም ይበልጥ ይሳሳል። በዚህም ሳቢያ የፈሩት መውደቅና መሰበር ይበልጥ ይቀርባቸዋል።

ጭንቀቱን ለመለየት ውስብስብ መሣሪያ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1983 የተዘጋጀው የሆስፒታል የጭንቀትና የድብርት መለኪያ 14 ጥያቄዎች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ በጥቂት ደቂቃዎች ይሞላል። የኢትዮጵያ ቅጂው አስተማማኝነትም ኤች አይ ቪ በደማቸው በሚገኝ ሕሙማን ላይ ተፈትሾ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል።

ሕክምናው ሕመምን ማስታገስን፣ አጥንት የሚያጠነክሩ መድኃኒቶችን፣ በቂ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ማግኘትን እንዲሁም በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚመራ እንቅስቃሴን ያካትታል። ሐኪሙ ሕመሙ በጊዜ ሂደት እንደሚቀንስና የትኛው እንቅስቃሴ አደጋ እንደሌለው በግልጽ ማስረዳቱም የሕክምናው አካል ነው። ጭንቀቱ የጸናባቸው ሕሙማን የሥነ ልቦና ድጋፍ ሊያገኙ ይገባል።

ቤተሰብ ሕመምተኛውን ከመንቀሳቀስ ከመከልከል ይልቅ በእግር ሲጓዝ ሊያግዘው ይገባል። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ ከባድ ዕቃ ከማንሳትና ያለ ዕረፍት ከመቀመጥ ተቆጥቦ፣ ደረጃ በደረጃ ወደ ሥራው የሚመለስበትን ሁኔታ ቢያመቻቹ ለማገገሙ ከፍተኛ አስተዋጽኦ ያደርጋሉ።