ኮከብ ሰጥቶ ታዳጊ መቀበል፦ የዋሽንግተን ናሽናልስ ደጋፊዎች ያልቋጩት ክርክር

በአሜሪካ ቤዝቦል የተጫዋቾች ልውውጥ በር የሚዘጋው በጁላይ መጨረሻ አካባቢ ነው። ከዓመቱ 162 ጨዋታ የሚቀረው በዚያን ጊዜ ሲሶ ያህሉ ነው። በሰንጠረዡ አናት ያሉት ይገዛሉ፣ ግርጌ ያሉት ይሸጣሉ። ሽያጭ ይባል እንጂ ገንዘቡ ዋና ነገር አይደለም። የአውሮፓ እግር ኳስ ክለብ ኮከቡን በሚሊዮን ዩሮ ሲለቅ፣ የቤዝቦሉ ክለብ በምትኩ የሚቀበለው ሌላ ተጫዋች ነው። ያውም ብዙውን ጊዜ በታችኛው ሊግ የሚጫወት፣ ከሙያው ሰዎች በቀር ስሙን የሰማ የሌለ ልጅ ነው።

የደካማ ክለብ ደጋፊዎች ለሁለት የሚከፈሉትም እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ወገን «ዘንድሮ አይሆንልንም፣ የነገውን እንስራ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ላም አለኝ በሰማይ» ብሎ ይሳለቃል።

ክርክሩ አዲስ አይደለም (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1922 ጁላይ ላይ የኒውዮርክ ያንኪስ ጆ ዱጋንን ከቦስተን ሲወስድ፣ ዋንጫውን ሲፎካከር የነበረው የሴንት ሉዊስ ብራውንስ አምርሮ ጮኸ። በዓመቱ የልውውጡ ማብቂያ ጁን 15 ተባለ፤ ወደ ጁላይ 31 የተሸጋገረው በ1986 ነው። ከዚያም ወዲህ ፀፀቱ አልቀረም። ዲትሮይት በ1987 ወርዋሪውን ዶይል አሌግዛንደርን አመጣ፤ እሱም ዘጠኝ ጨዋታ ሳይሸነፍ አሸነፈለት፤ ክለቡም ምድቡን መራ። በምትኩ ለአትላንታ የሰጠው የ20 ዓመት ልጅ ግን ጆን ስሞልትዝ ነበር፤ በ2015 የዝነኞች አዳራሽ ገባ።

ክለቦችን ለሽያጭ የሚያጣድፋቸው የስድስት ዓመቱ ደንብ ነው። ተጫዋች በዋናው ሊግ ስድስት ዓመት እስኪሞላው የክለቡ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚከፈለው ከዝቅተኛው ደመወዝ ብዙም አይርቅም። ስድስቱ ሲሞላ ለፈለገው ይፈርማል፤ የቀድሞ ክለቡ ቢበዛ የሚያገኘው በታዳጊዎች ምርጫ (ድራፍት) አንድ ተጨማሪ ተራ ነው። ናሽናልስ ይህን በብራይስ ሃርፐር ቀምሶታል። ሃርፐር በ2019 መጀመሪያ ላይ በ13 ዓመት ውልና በ330 ሚሊዮን ዶላር ፊላደልፊያ ገባ።

የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት ክለቡ ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 31ዱን ተሸንፎ ጀምሮ «ወርልድ ሲሪስ» የተባለውን የሊጉን ዋንጫ በላ። «አትሽጡ» የሚለው ወገን እስከ ዛሬ የሚጠቅሰው ይህንኑ ነው። ደስታው ግን አልቆየም። የፍጻሜው ኮከብ ስቲቨን ስትራስበርግ በ245 ሚሊዮን ዶላር ለሰባት ዓመት ፈረመና ከዚያ ወዲህ በጉዳት ምክንያት የተሰለፈው ስምንት ጊዜ ብቻ ነው። በ2021 ጁላይ የክለቡ ኮከቦች ማክስ ሸርዘርና ትሬይ ተርነር ወደ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ሄዱ። በምትካቸው አራት ወጣቶች መጡ፤ ከመካከላቸው የተሻለው ወርዋሪ ጆሳያ ግሬይ በ2024 ክርኑን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት።

ትልቁ ጠብ የተነሳው ግን በ2022 ነው። የክለቡ ኮከብ ሁዋን ሶቶ ገና 23 ዓመቱ ነበር። ክለቡ 15 ዓመትና 440 ሚሊዮን ዶላር ቢያቀርብለትም አልተቀበለም። ስድስት ዓመቱ ሊሞላ ሁለት ዓመት ተኩል ሲቀረው፣ ኦገስት 2 ላይ ከጆሽ ቤል ጋር ወደ ሳንዲያጎ ተላከ። በምትኩ ከመጡት መካከል የውስጥ ሜዳ ተከላካዩ (ሾርትስቶፕ) ሲጄ ኤብራምስ፣ ወርዋሪው ማኬንዚ ጎርና መቺው ጄምስ ውድ ይገኙበታል። ውድ የተወለደው ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ በሮክቪል ነው። ሶቶ በ2024 መጨረሻ ከኒውዮርክ ሜትስ ጋር በ765 ሚሊዮን ዶላር ተፈራረመ። ይህ ቁጥር ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ሆነ፦ «መጀመሪያም አይቀመስም ነበር» ለሚለውም፣ «440ው እኮ ርካሽ ነበር» ለሚለውም።

ታዳጊዎቹስ? ሦስቱም የሊጉ ምርጦች ለሚሰለፉበት የኦል ስታር ጨዋታ ተመርጠዋል፤ ኤብራምስ በ2024፣ ጎርና ውድ በ2025። ከእንዲህ ዓይነት ልውውጥ ከዚህ በላይ መጠበቅ ስስት ነው። ክለቡ ግን በ2023ም በ2024ም 91 ጨዋታ ተሸነፈ፣ በ2025 ደግሞ 96። ስለዚህ «ሶቶ መሸጥ ነበረበት ወይ?» የሚለው ጥያቄ የጉዳዩን ግማሽ ብቻ ይይዛል። ሽያጩ ተሳክቷል፤ የጎደለው ከሽያጩ በኋላ የሚመጣው ግዢ ነው። ናሽናልስ በቀጣዮቹ ክረምቶች ያስፈረመው በአብዛኛው የአንድ ዓመት ውል የሚበቃቸውን ነው። የክለቡ ባለቤት የለርነር ቤተሰብ በ2022 ክለቡን መሸጥ እያጤነ መሆኑን አስታወቀ፣ በ2024 ደግሞ አንሸጥም አለ።

ሂውስተን ለማነጻጸሪያ ይጠቅማል። ከ2011 እስከ 2013 በየዓመቱ ከ100 በላይ ተሸንፎ ታዳጊ ሰበሰበ፤ ልጆቹ ሲበስሉ ግን በ2017 ወርዋሪውን ጀስቲን ቬርላንደርን አስመጥቶ ዋንጫ በላ። (የተቃራኒን ምልክት መስረቁ በኋላ ተጋልጦ ክብሩን ቢያጎድፈውም፣ የግዢው ትምህርት አልተለወጠም።)

የዋሽንግተን ደጋፊ ባለቤቶችን የሚጠራጠረውም ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማዋ በ1960 አንድ ቡድን ወደ ሚኒሶታ፣ በ1971 ሌላውን ወደ ቴክሳስ አጥታ 33 ዓመት ያለ ቤዝቦል ቀርታለች። የጥንቱ የቤዝቦል ሜዳ ግሪፊዝ ስታዲየም በነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቆሟል፤ የዘጠነኛው ጎዳና የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ከዚያ ብዙም አይርቁም። በ2005 የመጣው ክለብም ቢሆን የሞንትሪያሉ ኤክስፖስ ነው። ኤክስፖስ በ2002 ባርቶሎ ኮሎንን ለማምጣት ክሊፍ ሊን፣ ግሬዲ ሳይዝሞርንና ብራንደን ፊሊፕስን በአንድ ቀን ለክሊቭላንድ የሰጠ ክለብ ነበር። ሦስቱም በኋላ ኦል ስታር ሆኑ።

የ2021ንና የ2022ን የናሽናልስ ልውውጦች የመሩት ዋና ሥራ አስኪያጅ ማይክ ሪዞ በጁላይ 2025 ከአሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ጋር ተሰናበቱ። ከሳምንት በኋላ ክለቡ በድራፍቱ የመጀመሪያ ምርጫ የ17 ዓመቱን ኢላይ ዊሊትስን ወሰደ። በመኸሩ የሪዞን ኃላፊነት የያዙት ፖል ቶቦኒ ናቸው። በጃንዋሪ 2026 ጎር ወደ ቴክሳስ ሬንጀርስ ተላከ፤ በምትኩ አምስት ታዳጊዎች መጡ።